የመጀመሪያዋን ኪኒን ስትውጡ የመጨረሻዋን ቀን ጻፉ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መስፋት ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የደንበኞቼን ልኬት የምጽፍበት ሰማያዊ ደብተር አለኝ። ከፊት ሲከፈት ደረት፣ ወገብ፣ የክንድ ርዝመት ነው። ገልብጣችሁ ከኋላ ስትከፍቱት ግን የራሴ እንቅልፍ ነው ያለው። ስንት ሰዓት ጋደም እንዳልኩ፣ ስንት ሰዓት እንደነቃሁ፣ ምን እንደዋጥኩ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጽፌበታለሁ። ይህንንም የምጽፍላችሁ ከዚያ ከኋላው በኩል እያየሁ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። 9 ወር ሙሉ በየማታው የእንቅልፍ ኪኒን ስውጥ የቆየሁ፣ ከዚያ ለመውጣት 5 ወር የፈጀብኝ ሰው ነኝ። ዛሬ ማታ ያንን ኪኒን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ "ልዋጠው ወይስ ልተወው" እያላችሁ ከሆነ፣ ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

እኔን የጀመረኝ ጎርፉ ነው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ውሃው የደረሰው እኛ ጋ ነው፣ ያውም ሰው በተኛበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኛ ነፍሳችን ተረፈ፣ ግድግዳችን ሄደ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲገባ ሰውነቴ ተኝቶ ጆሮዬ ወንዙን ሲጠብቅ ያድራል። ያኔ አብረውን ከነበሩት ጎረቤቶች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። እናንተም እንደዚያ ያለ ሌሊት ካለፈባችሁ፣ በህልም እየተመላለሰ የሚያባንናችሁ ከሆነ፣ እሱ የራሱ ሕክምና አለው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይፈልጋል። ኪኒን ያስተኛችሁ ይሆናል እንጂ ጎርፉን ከውስጣችሁ አያወጣውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሥራዬ ነው። ነሐሴ ሲገባ የተማሪ ዩኒፎርም ይመጣል። ከኢድ በፊትም እንደዚሁ ነው። ሌሊቱን ካልሰፋሁ አልደርስም። እንደ ብዙው የድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ጫቴን ይዤ፣ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ አጠገቤ አድርጌ፣ ማሽኔን አስነሳለሁ። ምርቃናው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይወስደኛል። ጋደም ስል ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የንጋቱ አዛን ይሰማል። የዩኒፎርሙ ወቅት አለፈ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም።

አንድ ማታ ጎረቤቴ ከራሷ መድኃኒት ቆርሳ ሰጠችኝ። ዳያዘፓም ነው፣ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ። "ግማሹን ዋጪ፣ እንደ ሕፃን ነው የምትተኚው" አለችኝ። በደግነት ነው የሰጠችኝ። እውነቷንም ነበር፤ ያን ሌሊት አልነቃሁም። በወሩ ግማሹ አንድ ሙሉ ሆነ። በአራተኛው ወር ሁለት ሆነ። አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ይሸጥልኝ ነበር። በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት መሆኑን እንኳ አላውቅም።

ቀን ጫት፣ ማታ ኪኒን። እዚህ ከተማ ስንቱ ሰው እንደዚህ እየኖረ እንደሆነ ስጠይቅ ነው ያወቅኩት። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ አእምሮን ይቀሰቅሳል። ኪኒኑ ደግሞ ያንኑ አእምሮ ያደነዝዛል። አንድን ጨርቅ ሁለት ሰው በሁለት ወገን እየጎተተው መስፋት ማለት ነው። ስፌቱ ቀጥ ሊል አይችልም።

አንድ ጠዋት ዓይኔ ተከፍቶ እጄ ገና ተኝቶ ነበር። የማሽኑ መርፌ የሌባ ጣቴን ጥፍር በስቶ ገባ። ቁስሉን የሚያጥብልኝ ሐኪም "ማታ ምን ወስደሽ ነበር እህቴ?" አለኝ። ከጣቴ ይልቅ ስለ እንቅልፌ ብዙ አወራን። ዳያዘፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም አለኝ። ግማሹ ለመውጣት ብቻ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በየማታው ስጨምርበት ይጠራቀማል። ስለዚህ ጠዋት ማሽኑ ላይ ስቀመጥ ኪኒኑም አብሮኝ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ባጃጅ የምትነዱ፣ ማሽን የምትይዙ፣ ይህን አስቡት።

መጀመሪያ ደብተሩ

ሐኪሙ ያዘዘልኝ የመጀመሪያ ነገር መድኃኒት አልነበረም። "2 ሳምንት ጻፊና አምጪው" ነው ያለኝ።

እንዲህ ጻፉ። ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ወጣችሁ። በግምት ስንት ሰዓት እንቅልፍ ወሰዳችሁ። ስንት ጊዜ ነቃችሁ። ስንት ሰዓት ተነሳችሁ። ቡና፣ ጫት፣ መጠጥ፣ መድኃኒት ስንት ሰዓት ላይ። የምትጽፉት ጠዋት ነው። ሌሊት ሰዓት አትዩ፤ ስልኩን ፊቱን ደፍታችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ግምት ይበቃል።

እኔ ያየሁት ይህን ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ ነበርኩ። የተኛሁት ግን 5 ሰዓት ተኩል ነው። "ምንም አልተኛሁም" ስል የኖርኩትን ያህል ባዶ አልነበረም። ሌላም አየሁ። ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ጎረቤት ቡና የጠጣሁባቸው ቀናት ሁሉ መጥፎ ሌሊት ነበሩ። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በ10 ሰዓት የጠጣሁት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። አሁን የመጨረሻ ስኒዬ ከምሳ በፊት ነው። ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ እሄዳለሁ። ፈንዲሻውን እዘግናለሁ፣ ጭሱን አሸታለሁ፣ ወሬው አይቀርብኝም። ስኒው ብቻ ነው የቀረብኝ። መጀመሪያ ተቀየሙኝ፣ ኋላ ለመዱት።

በዚያው ደብተር ላይ የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት በሙሉ ጻፉ። የአስም፣ የአፍንጫ መዘጋት፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ እብጠትና አለርጂ የሚያበርድ መድኃኒት እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሲያስነሳ ያድራል። ሌሊት ሌሊት ሽንት የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ስኳር ተመርመሩ። እግራችሁ ውስጥ የሚላወስ ነገር ካስቸገራችሁ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል። ስትተኙ የምታንኮራፉና ትንፋሻችሁ ቁርጥ የሚል ከሆነ፣ ይህን ባለቤታችሁ ነው የሚያውቀው፣ ጠይቁ። ለዚህ ሰው የእንቅልፍ ኪኒን አደገኛ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅታችሁ ዓለም ሁሉ የጨለመ፣ መኖር የማያስፈልግ የመሰላችሁ ከሆነ ደግሞ ደብተር አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለ3 ወር ከቆየ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ይሉታል። ከዚያ በታች ያለው ብዙውን ጊዜ ያመጣው ነገር ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

አልጋውን ማሳጠር

ይህ ከሁሉም የከበደኝ፣ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ለማይለቅ የእንቅልፍ እጦት ቀድሞ መሞከር ያለበት ይህን የሚያካትት ሕክምና እንጂ ኪኒን አይደለም።

የተኛችሁትን ያህል ብቻ አልጋ ላይ ትቆያላችሁ። እኔ የተኛሁት 5 ሰዓት ተኩል ነው። የምነሳው ሁልጊዜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እንዲሆን ወሰንን። ወደ ኋላ ስንቆጥር የመተኛዬ ሰዓት ሌሊቱ 6 ሰዓት ሆነ። ከ6 ሰዓት በፊት አልጋ ላይ አልወጣም፣ እንቅልፍ ቢያዳፋኝም። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ አልቆይም፣ እሑድም ቢሆን። ቀን ላይ መተኛት የለም።

ድሬ ላይ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ሱቁ ይዘጋል፣ ከተማው ይጋደማል። እኔ ግን እንዳልጋደም ቆሜ ልብስ እተኩስ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ 6 ሰዓት ላይ ጋደም ብዬ ቀጥሎ የማስታውሰው አዛኑን ነው።

አልጋ ላይ ካሳለፋችሁት ጊዜ 85 በመቶውን ተኝታችሁ አንድ ሳምንት ካደራችሁ፣ የመተኛ ሰዓታችሁን 15 ደቂቃ ቀደም ታደርጋላችሁ። ሌላ ሳምንት፣ ሌላ 15 ደቂቃ። እኔ እንዲህ እያልኩ ዛሬ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ደርሻለሁ። አልጋ ላይ የምትቆዩበትን ጊዜ ግን ከ5 ሰዓት በታች አትቁረጡት። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ስሜቱ በጣም ከፍና ዝቅ የሚል ሕመም ያለበት፣ መኪና እየነዳ የሚያድር ሰው ያለ ሐኪም እንዳይሞክረው።

አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጣችሁ እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ ተነሱ። ተጋድሞ መታገል አልጋውን የጭንቀት ቦታ ያደርገዋል። እኔ በረንዳ ላይ በርጩማዬን አወጣለሁ። በደብዛዛ መብራት የአዝራር ጣሳዬን ገልብጬ በየመጠኑ እለያለሁ። ትልቁን ለብቻ፣ መካከለኛውን ለብቻ። ማሽኑ ጋ አልቀርብም፤ ማሽኑ ሥራ ነው፣ ይቀሰቅሰኛል። እናንተ ምስርም ልቀሙ፣ ዳዊትም ድገሙ፣ ተስቢህም ቁጠሩ። ስልክ ብቻ አይሁን። ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ የተነሳሁበት ቀን አለ።

ሙቀቱን በተመለከተ አጭር ነው። ሰውነት ለመተኛት ትንሽ መቀዝቀዝ አለበት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፍራሹን ግቢ ውስጥ አውጡ፣ አጎበር ግን አይቅር። ከመተኛታችሁ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ በጣም የቀዘቀዘው ያነቃል። ማምሻውን ወለሉ ላይ ውሃ ርጩ። ስስ ድሪያ፣ ስስ ሽርጥ ይበቃል።

ጫቱን በአንድ ቀን አልተውኩም። መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ቀትር አመጣሁት፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዚያ ተውኩት። ስትተዉ ዱካኩ፣ ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት፣ ይመጣል። እያነቀኝ የነቃሁበት ሌሊት ብዙ ነው። እኔን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀቀኝ። ያንን ለማምለጥ ብላችሁ ኪኒን እንዳትጨምሩበት።

ኪኒኑን ስትመዝኑ

ኪኒን ክፉ ነው አልልም። እህቴ ልጇ የሞተባት ጊዜ ሦስት ቀን ሳትተኛ ቆየች። ሐኪም ለ7 ቀን የሚሆን አዘዘላት፤ ሰባት ፍሬ ቆጥሮ። ተኛች። በስምንተኛው ቀን ቆመ። ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ። የእሷና የእኔ ልዩነት የኪኒኑ ዓይነት አይደለም። የእሷ የመጨረሻ ቀን ነበረው። የእኔ አልነበረውም።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ከመዋጣችሁ በፊት የመጨረሻዋን ቀን ግድግዳው ላይ ካለው መቁጠሪያ ላይ አክብቡ። ዳያዘፓምና መሰሎቹ ለእንቅልፍ ሲታዘዙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማለፍ የለባቸውም። ከዚያ በኋላ ሰውነት ይለምዳቸዋል። ያው መጠን አያስተኛም፣ ስትተዉት ደግሞ እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል። እኔ ያን ሳይ "በሽታዬ ነው የተመለሰው" ብዬ ጨመርኩበት። በሽታዬ አልነበረም፤ የኪኒኑ መቅረት ነበር። ይህን ባውቅ ኖሮ አምስት ወር አላጣም ነበር።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ እነዚህን ጠይቁ። ይህ መድኃኒት ስሙ ማነው? ለስንት ቀን ነው? የማቆመው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እየቀነስኩ? ጠዋት ሥራ ላይ ያደነዝዘኛል? ከምወስደው ሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል? አትፈሩ። እኛ ሰዎች ሐኪም ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለናል። ጥያቄ ነውር አይደለም። ጫት እንደምትይዙም፣ እንደምትጠጡም ንገሩት። እሱን ደብቃችሁ የተሰጣችሁ መድኃኒት ለሌላ ሰው እንደተለካ ልብስ ነው።

በምንም ዓይነት የማይደራረቡ አሉ። ከምርቃና ለመውረድ ጨብሲ የምትሉ ወንድሞቼ፣ ቢራና አረቄ ከዚህ ኪኒን ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከትራማዶልና መሰል የሕመም ማስታገሻዎች ጋርም እንደዚያው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሳትጠይቅ አትውሰድ። ለአዛውንት እናት አባቶቻችን የበለጠ ያስፈራል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ፣ ዳሌ ይሰበራል፣ ማስታወስ ይቀንሳል።

ሌሎችም አሉ። ዞልፒደም የሚባለው ከእነ ዳያዘፓም ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፤ ሆኖም ሰው ተኝቶ እያለ እንዲሄድ፣ ምግብ እንዲያበስል፣ መኪና እንዲነዳ ሊያደርግ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድብርት መድኃኒትም ለእንቅልፍ በትንሽ መጠን ሲታዘዝ አይቻለሁ፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ይከብዳል፣ ከመጠን ካለፈ ልብ ይጎዳል። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። እንቅልፍ የሚያመጣውን የአለርጂና የጉንፋን ኪኒን በየማታው መዋጥም መፍትሔ አይደለም፤ ቶሎ ይለመዳል።

ለማቆም

ለወራት የወሰዳችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ዛሬ ማታ እንዳትጥሉት። በአንድ ጊዜ ማቆም መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ እንደሚጥል በሽታ እስከ መንፈራገጥ ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ቅነሳው በሐኪም ነው።

የእኔ እንዲህ ነበር። ከ10 ሚሊ ግራም ወደ 7 ነጥብ 5። ሦስት ሳምንት። ወደ 5። ሦስት ሳምንት። ከዚያ ባለ 2 ሚሊ ግራሙ ተቀየረልኝና 4፣ 3፣ 2፣ 1። እያንዳንዱ ሦስት ሳምንት። 3 ሚሊ ግራም ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መርፌ ማስገባት አቃተኝ። ሐኪሙ ወደ ላይ አልመለሰኝም፤ እዚያው ላይ አንድ ሳምንት ጨምሮ አቆየኝ። የእናንተ ሌላ ይሆናል። የእኔን ቁጥር አትቅዱ፤ ቀስ ማለቱን ብቻ ውሰዱ።

የቤት ሰው ይወቅ። ባለቤቴ ኪኒኑን እሱ ይዞ በየማታው የዕለቱን ይሰጠኝ ነበር። የተረፈውን ለጎረቤት አልሰጠሁም፤ እንዲያስወግዱት ለመድኃኒት ክፍሉ መለስኩት። ያችን ደግ ጎረቤቴንም ይዣት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ከእኔ በፊት ስድስት ዓመት ስትወስድ ኖራለች። አሁን 2 ሚሊ ግራም ላይ ደርሳለች።

ባለፈው ሰኞ ሌሊት ከላይ ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ነቃሁ። 20 ደቂቃ የመሰለኝን ያህል ቆየሁ፣ ተነሳሁ፣ ጣሳዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ነጫጮቹን የሸሚዝ አዝራሮች ለይቼ ስጨርስ ዓይኔ ከበደ። ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ደብተሩ ላይ "አንድ ጊዜ ነቃሁ፣ 6 ሰዓት ያህል፣ ኪኒን የለም" ብዬ ጻፍኩ።